በነፋስ ቀን ትሬለር መጎተት፦ ከላራሚ እስከ ራውሊንስ

ባለቤቴ ለብዙ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ልጆቹ ራሳቸውን ሲችሉ ኦሮራ፣ ኮሎራዶ ያለውን ቤት ሸጠን በፒክአፕ የሚጎተት የመኖሪያ ትሬለር ገዛን። አሁን ዓመቱን ሙሉ የምንኖረው እዚያ ውስጥ ነው። እሱ ይነዳል፣ እኔ አየሩን እከታተላለሁ። "በነፋሱና በበረዶው ጊዜ እንዴት ትሆናላችሁ?" ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ስለማይጠፋ አካሄዳችንን ልጻፈው። ቀድሜ የምናገረው ነገር ቢኖር፣ በመጥፎ ቀን ከመንዳቱ ይልቅ መወሰኑ ይከብዳል።

የዋዮሚንግን ግዛት ልውሰድ። በኢንተርስቴት 80 አውራ ጎዳና ከላራሚ እስከ ራውሊንስ 100 ማይል ያህል ነው። በደህና ቀን ሁለት ሰዓት አይፈጅም። ችግሩ ኤልክ ማውንቴን የሚባለው ተራራ አካባቢ ነው። በተለይ አርሊንግተን የምትባለው ቦታ ስትደርሱ ነፋሱ ከተራራው ወርዶ በጎን ይመታችኋል። ይህ የመንገዱ ክፍል በ1970 እ.ኤ.አ. ከመከፈቱ በፊት የአገሬው ሰዎች "በዚያ በኩል አትሥሩት" ብለው ነበር። ማን ሰምቷቸው! አሮጌው መንገድ፣ ዩኤስ 30፣ ዛሬም በስተሰሜን በሜዲስን ቦው በኩል ይዞራል። ትንሽ ይረዝማል፣ ግን የአካባቢው ሰው ለምን እንደሚመርጠው አሁን ገብቶኛል።

ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሡ። እዚያ አገር ነፋሱ ብዙ ጊዜ ጎህ ሲቀድ ረገብ ይላል፣ ረፋድ ላይ ይነሣል። መጀመሪያ የዋዮሚንግን የመንገድ መረጃ፣ 511ን፣ እዩ። "መንገዱ ክፍት ነው" የሚለውን አይታችሁ እንዳትዘጉት። ለከባድ መኪና ክፍት ሆኖ "ቀላልና ቁመታም ለሆኑ ተሽከርካሪዎች ዝግ" ሊሆን ይችላል። ያ ማለት እናንተ ናችሁ። ትሬለር ለቁመቱ ሲታይ ቀላል ነው። "የኛ እኮ ከባድ ነው" ብሎ ክርክር የለም።

ቀጥሎ የብሔራዊ አየር ትንበያውን ተመልከቱ። ሁለት ቁጥር ታያላችሁ፤ አንዱ ሳያቋርጥ የሚነፍሰው፣ ሌላው ድንገት የሚመጣው ግፊት ነው። የሚገለብጠው ሁለተኛው ነው። ከባድ የነፋስ ማስጠንቀቂያ የሚወጣው አብዛኛውን ጊዜ ሳያቋርጥ የሚነፍሰው በሰዓት 40 ማይል፣ ወይም ድንገተኛው 58 ማይል ይደርሳል ተብሎ ሲጠበቅ ነው። እኛ ያን አንጠብቅም። ድንገተኛው በጎን መጥቶ 40 ከደረሰ አንነሣም። ከፊት የሚመጣ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል፤ ቤንዚን ይበላል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ የነፋሱን አቅጣጫ ከመንገዱ ጋር አስተያዩት።

ከዚያ ስብሰባ አለ። ስብሰባው የሁለት ሰው ነው፣ ሕጉም አንድ ነው፦ "ዛሬ ይቅር" ያለ ያሸንፋል። ምክንያት አይጠየቅም፣ ኩርፊያም የለም። ባለቤቴ መጀመሪያ አካባቢ "ስሚ፣ እኔ እኮ በዚህ መንገድ 80 ሺህ ፓውንድ ጭኜ አልፌአለሁ" ይል ነበር። አዎ፣ 80 ሺህ ፓውንድ። ትሬለራችን የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ አይመዝንም።

እንሂድ ከተባለ፣ ከመነሣታችሁ በፊት ክብደቱን አስተካክሉ። ከትሬለሩ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶው ማያያዣው ላይ ማረፍ አለበት። ከዚያ ካነሰ ትሬለሩ ጭራውን መወዝወዝ ይወዳል። የውኃ ጋኑን መሙላት ይረዳል የሚሉ አሉ። 40 ጋሎን 150 ኪሎ ያህል ነው፣ ያውም ከታች። ግን ጋኑ ከጎማዎቹ ኋላ ከሆነ ከማያያዣው ላይ ክብደት ስለሚቀንስ ነገሩን ያባብሳል። የናንተ የት እንዳለ ጎንበስ ብላችሁ እዩ።

መንገድ ላይ 55 ማይል ይበቃል። ፍጥነቱን በራሱ የሚይዘውን ክሩዝ ኮንትሮል አጥፉ። ትልቅ የጭነት መኪና ሲያልፋችሁ መጀመሪያ ይገፋችኋል፣ ከዚያ ወደ ራሱ ይስባችኋል፤ መሪውን በሁለት እጅ ያዙ። ትሬለሩ መወዝወዝ ከጀመረ የመኪናውን ፍሬን አትርገጡ፣ መሪውንም ወዲያና ወዲህ አታዙሩ። እግራችሁን ከነዳጅ መርገጫው አንሡና የትሬለሩን ፍሬን ብቻ በእጅ መቆጣጠሪያው ቀስ አድርጋችሁ ያዙ። ከጎን የተቀመጠው ሰው ሥራ ስልክ ማየትና ቀጣዩን መውጫ ማወቅ ነው። "ቀስ በል፣ ቀስ በል" ማለት ሥራ አይደለም። ይህን የምለው ለራሴም ነው። ዋገንሃውንድ የሚባለው ማረፊያ ከአርሊንግተን በፊት እንዳይመስላችሁ፤ ከላራሚ ስትመጡ እሱ ያለው ከአርሊንግተን ወዲያ ነው። እዚያ ቆማችሁ ማያያዣውንና ጎማውን ፈትሹ።

ስትደርሱ አፍንጫውን ወደ ነፋሱ አድርጋችሁ አቁሙ። ነፋሱ እስኪበርድ ከፒክአፑ አትፍቱት። ዳሱን አትዘርጉ፣ ወደ ጎን እየተንሸራተተ የሚወጣውን ክፍልም አታውጡ። ሌሊቱ ከ32 ፋራናይት በታች የሚወርድ ከሆነ፣ ውኃው በረዶ እንዳይሆን ጋኑን ሞልታችሁ የውኃውን ጎማ ንቀሉ፣ አፍስሱት፤ በፓምፑ ተጠቀሙ። የቆሻሻ ውኃ መውጫውን ዝጉት፤ ጠብ ጠብ ሲል ያድርና ቱቦው ውስጥ በረዶ ሆኖ ይጋገራል። ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁምሣጥን ክፍት ተዉት፣ ሙቀት ይግባበት።

አሁን ወደ ወጥ ቤቱ። ክፉ አየር ሲሆን እንጀራ መጋገር ያምረኛል። ባለ 30 አምፕ መስመር 3,600 ዋት ያህል ነው። ምጣዴ 1,500 ገደማ ይወስዳል፣ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሌላ 1,500። ማይክሮዌቭ ሲጨመር ብሬከሩ ይጥላል። ስለዚህ በጋገርኩ ቁጥር ማሞቂያው ይጠፋል፣ ምጣዱ ራሱ ያሞቀናል። የጣሪያውን መስኮት ትንሽ ክፈቱ፣ አለዚያ እንፋሎቱ ግድግዳው ላይ ውኃ ሆኖ ያድራል፣ ከዚያ ሻጋታ ነው።

ቡና በከሰል ግን በፍጹም! ጀበናውን በምድጃው ላይ አፍሉ። ከሰል በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው፣ ሽታ የለውም፣ ይገድላል። ጠቋሚው መሣሪያ መሥራቱን ቁልፉን ተጭናችሁ አረጋግጡ። መቁላቱንም ከውጭ አድርጉት፤ የጭስ ደወሉ ዕጣን እንኳ አይወድም።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። በትሬለር ማደሪያ ፓርክ ቦታ ስትይዙ "አየሩ ካልተመቸ አንድ ሌሊት መጨመር ይቻላል ወይ? በሚቀጥለው ፓርክ የያዝነውን ቀን ብንቀይርስ ያስከፍለናል ወይ?" ብላችሁ ሁለቱንም ቀድማችሁ ጠይቁ። ብዙ ሰው በነፋስ የሚነሣው የከፈለው ገንዘብ እንዳይቃጠል ብሎ ነው።