ማታ እንደ እቶን የሚግለውን መኝታ ቤት እንዴት አበረድነው

የልጆቹ መኝታ ቤት እንደ እቶን ይግል ነበር። ግራ ያጋባኝ ደግሞ ቀን ሳይሆን ማታ መባሱ ነው። አንድ ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግድግዳውን በመዳፌ ስነካው ፀሐይ ላይ የዋለ ድንጋይ ይመስላል። ያኔ ገባኝ። ግድግዳው በምዕራብ በኩል ነው፤ ብሎኬቱ ከሰዓት በኋላ ሲጠጣ የዋለውን ሙቀት ማታ እኛ ላይ ይለቀዋል።

መጀመሪያ ወፍራም መጋረጃ ሰቀልን፣ ምንም አልረዳንም። ፀሐይዋ መስታወቱን ካለፈች ሙቀቱ ገብቷል፣ መጋረጃ ብዙም አይመልሰውም። ጣሪያውን ወደ ውጭ ማስረዘምም አያዋጣም፤ የምዕራብ ፀሐይ ዝቅ ብላ ነው የምትመጣው። ስለዚህ ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ አድርጌ፣ በመሃል አየር እንዲያልፍ፣ መስኮቱንም የሚከልል የእንጨት ርብራብ ከላይ እስከ ታች አቆምኩ። ግድግዳውን ነጭ ቀባሁት። በተቃራኒው በኩል ኮርኒሱ ስር ቀዳዳ አስከፈትኩና ትንኝ እንዳይገባ ወንፊት አደረግኩበት። ሞቃት አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ፣ ማታ መስኮት ስንከፍት በዚያ ይወጣል። ቀን ግን የውጭው ሙቀት እንዳይገባ መስኮቱ ዝግ ነው፤ ቤተሰቡን ይሄን ማስለመድ ከሥራው ሁሉ ከበደኝ።

አሁን ግድግዳው ማታ ለብ ቢል ነው፣ ልጆቹም እስኪነጋ ይተኛሉ። አዲስ ቤት የምትሠሩ ከሆነ ግን መኝታ ቤቱን ከመጀመሪያው ከምዕራብ አርቁት፣ ያንን ጎን ለመታጠቢያና ለዕቃ ቤት ተዉት።