ስለ ሴት ፓስተር ስትከራከሩ እነዚህን ስህተቶች እባካችሁ አትድገሙ

ሰሞኑን ደግሞ ተነሳ። ደሴ ውስጥ የቅዳሜ የመጽሐፍ ቅዱስ ጥናት መምራት ከጀመርኩ አስራ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው፣ በዚ ሁሉ ጊዜ "ሴት ፓስተር መሆን ትችላለች ወይ" የሚለው ጥያቄ ስንት ጊዜ እንደመጣ ቆጥሬ አልጨርሰውም፣ የሚበላሸው ግን ሁሌም በአንድ አይነት መንገድ ነው። ባለፈው ክረምት ሸዋ በር አካባቢ አንድ ወንድም ቤት ተሰብስበን ጩኸታችን ከመብዛቱ የተነሳ አከራዩ ሃጂ በር አንኳክተው "ኧረ ምን ሆናችሁ ልጆቼ? የሚታረቅ ነገር ካለ እኔ ልግባበት" አሉን። ወሎ ነዋ፣ ሽምግልና ሊቀመጡልን ነበር እኮ። ስለምን እንደሆነ ስንነግራቸው "እሱንማ እናንተው ጨርሱት" ብለው እየሳቁ ሄዱ።

እስካሁን አልጨረስነውም። ቢያንስ ግን ስህተቶቹን ልናገር።

የመጀመሪያው "ፓስተር" ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ ሳይጠይቁ መጀመር ነው። አንዴ ከኮምቦልቻ የመጣ ወንድምና እዚሁ የኛ ሰው ሁለት ሰዓት ሙሉ ተጨቃጭቀው፣ ቡናው አቦል ቶና በረካ ብሎ አልቆ፣ መጨረሻ ላይ አንደኛው የሚያወራው እሁድ መድረክ ላይ ስለመስበክ፣ ሌላኛው ደግሞ እጅ ተጭኖ ስለመሾምና የሽማግሌዎችን ጉባኤ ስለመምራት ሆኖ ተገኘ። ትስበክ በሚለው ሁለቱም ይስማማሉ! ለምን ቀድማችሁ አትጠያየቁም? አሁን እኔ ጥናት ከመጀመሬ በፊት ሰሌዳው ላይ አራት ጥያቄ እጽፋለሁ፤ ትስበክ ወይ፣ ወንዶችን ታስተምር ወይ፣ የጌታ እራት ትስጥ ወይ፣ ትሾም ወይ። የሰው መልስ በአራቱም ላይ አንድ አይነት ሆኖ አያውቅም። ደሞ ኤፌሶን 4፥11 ላይ "እረኞችና አስተማሪዎች" የሚለው ስለ ስጦታ ነው፣ 1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ስለ ኤጲስ ቆጶስ ነው፣ ቲቶ 1 ስለ ሽማግሌዎች ነው፣ ዛሬ እኛ ፓስተር የምንለው ሰውዬ የሶስቱንም ስራ ደርቦ ይዟል፣ ስለዚህ ከየትኛው ተነስታችሁ እንደምትከራከሩ መጀመሪያ ተናገሩ።

ሁለተኛው ስልክ አውጥቶ አንድ ጥቅስ አንብቦ "አለቀ" ማለት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ ፍቀዱልኝ። 1ኛ ጢሞቴዎስ 2፥12፣ "ሴት ግን በዝግታ ትኑር እንጂ ልታስተምር ወይም በወንድ ላይ ልትሠለጥን አልፈቅድም"። ይቺን ጥቅስ ያልጠቀሰብኝ ሰው የለም፣ ከፍ ዝቅ አድርጎ ያነበባት ሰው ግን በጣት የሚቆጠር ነው። አንድ ጊዜ ኮምቦልቻ የሚማር የኢንጂነሪንግ ተማሪ እጁን አውጥቶ "ጳውሎስ ሴቶች ስልጠና እንዳይወስዱ ለምን ከለከለ?" አለኝ። የምሩን ነው። አበል ያለው፣ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ የሚሰጠው አይነት ስልጠና መስሎት ነው። ሳቅን፣ ግን በልጁ አልፈርድም፣ የ1954ቱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም "መሠልጠን" ሲል የበላይ መሆን፣ መግዛት ማለቱ ነው፣ ከ"ሥልጣን" ጋር አንድ ስር ነው፣ የዛሬ ልጅ ይሄን ከየት ያውቀዋል? ቃሉን ሳያውቁ በቃሉ የሚማማሉ ስንት ትላልቅ ሰዎች አሉ መሰላችሁ። ከስሩ ያለው ግሪኩም አውቴንቴይን የሚባል፣ በአዲስ ኪዳን ውስጥ እዚህ ቦታ ብቻ የሚገኝ ቃል ነው፣ ተራ ሥልጣን መያዝ ነው ወይስ ጉልበተኛ ሆኖ መጫን በሚለው ሊቃውንቱ ዛሬም ይከራከራሉ። ስለዚህ "ቃሉ ግልጽ ነው" የሚል ሰው ሲመጣ እኔ ሻይ አዝዣለሁ፣ ረጅም ቀን ነው ማለት ነው። ደሞ ከላይ ቁጥር 11 ላይ "ትማር" ይላል፣ ትእዛዙ እሱ ነው፣ ያንን የሚጠቅስ ግን የለም።

በሌላው ወገን ያላችሁም አትኩራሩ። ጢሞቴዎስ ያኔ የነበረው ኤፌሶን ስለሆነ "ያ የኤፌሶን ባህል ነው" ብላችሁ የምታልፉት ነገር አይበቃም፣ ምክንያቱም ጳውሎስ ቀጥሎ ቁጥር 13 ላይ "አዳም ቀድሞ ተፈጥሮአልና" ይላል፣ ወደ ፍጥረት ነው የወሰደው፣ ይሄ የተቃዋሚዎቹ ጠንካራ ነጥብ ነው፣ ሳትነኩት አትለፉ። ሐሰተኛ አስተማሪዎች ነበሩ በሚለው መከራከር ይቻላል፣ ደብዳቤው ገና ምዕራፍ 1 ላይ ይናገራልና፣ ግን ስራውን ስሩ።

እኔ ራሴ ምን እንዳደረግሁ ልንገራችሁ። የዛሬ ስምንት ዓመት ገደማ፣ ዝናብ ቆርቆሮውን እየደበደበው፣ ድምጼን ከፍ አድርጌ 1ኛ ቆሮንቶስ 14፥34ን "ሴቶች በማኅበር ዝም ይበሉ" ብዬ ሰበክሁ። በጣም ተማምኜ። ስጨርስ አንዲት እናት፣ ማንበብ አይችሉም፣ ማታ ማታ የልጅ ልጃቸው ነው የምታነብላቸው፣ ጠጋ ብለው "አንተ ልጄ፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ሴት ስትጸልይና ትንቢት ስትናገር ራሷን ትሸፈን ይል የለ? ዝም ብላ እንዴት ነው የምትተነብየው?" አሉኝ። 11፥5 ነው። በአንድ ደብዳቤ ውስጥ፣ ሶስት ምዕራፍ ልዩነት፣ እኔ አንብቤው አላውቅም ነበር ማለት ይቀለኛል፣ አንብቤዋለሁ ግን አላየሁትም። "እማማ ሳምንት እመልስልዎታለሁ" አልኳቸው። ሶስት ወር ፈጀብኝ። ዝም በሉ የተባለው ትንቢት በሚመዘንበት ሰዓት ነው የሚሉ አሉ፣ የሚረብሽ ጥያቄ እንዳይጠይቁ ነው የሚሉም አሉ፣ ሁሉንም ይዤ ሄድኩላቸው፣ "እንግዲያ ያን ቀን ለምን እንደዛ ጮህክ?" ብለው ብቻ አለፉኝ።

1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ላይ "የአንዲት ሚስት ባል" ስለሚል ወንድ ብቻ ነው የሚለው ክርክር ደካማ ነው፣ ቃል በቃል ከወሰድነው ጳውሎስ ራሱ ሚስት አልነበረውም፣ ሌላ ፈልጉ።

ዲቦራ ላይ ደሞ ሁሌ የሚሰማ ነገር አለ፤ "ወንድ ስለጠፋ ነው እግዚአብሔር ሴት ያስነሳው"። የት ነው የተጻፈው? መሳፍንት 4 ነቢይቱ ዲቦራ በእስራኤል ላይ ትፈርድ ነበር ይላል እንጂ በወንድ እጦት አይልም። ይሄን የሚሉ ሰዎች 2ኛ ነገሥት 22ን ቢያነቡ ደስ ይለኛል፤ የሕጉ መጽሐፍ ሲገኝ የንጉሥ ኢዮስያስ ሰዎች የሄዱት ወደ ነቢይቱ ሕልዳና ነው፣ ያኔ ኤርምያስ መናገር ከጀመረ ዓመታት አልፈው ነበር! ወንድ ነቢይ ነበረ እኮ። ግን እናንተም ከዚህ ተነስታችሁ "ስለዚህ ፓስተር" አትበሉ፣ በዚያው ዘመን ካህን የሚሆነው የአሮን ወንድ ልጅ ብቻ ነበር፣ ነቢይነትና ክህነት አንድ አይደለም።

ገላትያ 3፥28 "ወንድም ሴትም የለም" ለሁሉ በሽታ የሚታዘዝ ኪኒን አይደለም። ስለ ጥምቀትና ስለ ወራሽነት ነው የሚያወራው። ከዚያ ወደ ሹመት መሄድ ይቻል ይሆናል፣ ግን መንገዱን አሳዩን።

ፌቤን። ሮሜ 16፥1 "አገልጋይ የምትሆን እኅታችን" ይላል፣ የግሪኩ ቃል ግን 1ኛ ጢሞቴዎስ 3 ላይ "ዲያቆናት" ተብሎ የተተረጎመው ራሱ ነው። ለወንዶቹ ዲያቆን፣ ለሷ አገልጋይ። ይሄን ሳውቅ ትንሽ ተናድጄ ነበር። በኋላ ቃሉ ተራ አገልጋይ ማለትም እንደሚሆን፣ ጳውሎስ ስለራሱም እንደሚጠቀምበት ሳውቅ በረድኩ። ቁጥር 7 ላይ ከአንዲራኒቆን ጋር የተጠቀሰችውን፣ በግሪኩ ዩንያ የምትባለውን ደግሞ ዮሐንስ አፈ ወርቅ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሐዋርያ ልትባል የተገባት ሴት ብሎ ነው ያደነቃት፣ እሱ ደግሞ ለሴት የሚያዳላ ሰው አልነበረም። ጵርስቅላም አለች፣ ሐዋርያት ሥራ 18፥26፣ ከባሏ ጋር ሆና አጵሎስን ያስተማረችው፣ እሷን ሁሉም ያውቃታል እለፉ።

አሁን "ይሄ የነጮች ነገር ነው" የሚለው። መካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሴት ለመሾም እ.ኤ.አ. በ1997 ወስና በ2000 የመጀመሪያዋን ሾማለች፣ ያ የራሷ ጉባኤ ውሳኔ ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሴት ቄስ የሾመችው በ1994 ነው፣ ሴት ጳጳስ እስከ 2015 አልሾመችም፣ ስለዚህ በጣም የቀደሙን እንዳይመስላችሁ። "ሴት አትሾም" የሚለውን የሚያስተምሩትም እኮ ነጮች ናቸው፣ የአሜሪካ ደቡብ ባፕቲስቶች በ2000 የእምነት መግለጫቸው ላይ የጻፉት ነው፣ የኛ ልጆች ዩቲዩብ ላይ የሚሰሙት ግማሹ ስብከት ከዚያው ነው። በተቃራኒው "ዓለም ሁሉ ተቀብሎታል" ማለትም ውሸት ነው፣ ካቶሊክ የለችበትም፣ ኦርቶዶክስ የለችበትም። ከኦርቶዶክስ ጎረቤት ጋር ደሞ ይሄን ክርክር አትጀምሩ፣ የነሱ ጥያቄ ስለ ክህነትና ስለ መቅደስ ነው፣ ቄስ የሚለው ቃል አንድ ስለሆነ ብቻ አንድ ነገር እያወራችሁ ይመስላችኋል። ይልቅ አገር ቤት ሴት ምን ሰርታ ታውቃለች ካላችሁ ከኦነሲሞስ ነሲብ ጋር ሆና በኦሮምኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ላይ የደከመችውን አስቴር ጋኖን አንብቡ።

የመጨረሻውና እኔን የሚያሳፍረኝ ስህተት ስለ ሴቷ እያወሩ ሴቷን ራሷን አለመጥራት ነው። በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ደሴ ሲያዝ ብዙዎቻችን በደብረ ብርሃን አድርገን አዲስ አበባ ገባን፣ እኔም አንዱ ነኝ። አንዲት እህታችን እናቷ ስለታመሙ አልሄደችም። የቀሩትን ቤቷ ሰበሰበች፣ ጸለየች፣ ካላት ዱቄት አካፈለች፣ አንድ ሽማግሌ ሲሞቱም ሰው አስተባብራ ያስቀበረችው እሷ ናት። ታኅሣሥ ላይ ስንመለስ ሕብረቱ አለ። ጋቢ ሸለምናት። በዓመቱ ደግሞ "የሴቶች አገልግሎት ድንበር" በሚል አጀንዳ ሰባት ወንዶች ተቀመጥን፣ እሷ ጓዳ ቡና ታፈላለች። የኔን ሃሳብ ከጠየቃችሁ ትሾም ባይ ነኝ፣ ያን ቀን ግን ጥቅስ እየመዘዝኩ እንጂ አንድም ጊዜ "እሷንስ እንጥራት" አላልኩም። ጥቅሱን የሷ ስራ አይፈታውም፣ እሱን አውቃለሁ፣ ግን ቢያንስ እኛ የማናውቀውን ታውቃለች።

ዘንድሮ ነው የጠራናት። ምን ትያለሽ አልናት። "ፓስተር በሉኝ አላልኩም" አለች፣ "ሆስፒታል በሽተኛ ልጠይቅ ስሄድ ጥበቃው ከሰዓት ውጪ የሚያስገባው ፓስተር ብቻ ነው ይለኛል፣ ለሱ የማሳየው አንድ ወረቀት ስጡኝ።" ወረቀቱ ላይ ምን ብለን እንጻፍ የሚለው ለሚቀጥለው ስብሰባ ተላልፏል።