ለውጭ ዩኒቨርሲቲ ስታመለክቱ ወረቀቶቻችሁ እርስ በርስ አይጣሉ

በየዓመቱ ጥቅምት ላይ ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ፣ ከፖሊም ከፔዳም ግቢ፣ ልጆች የማስተርስ ማመልከቻቸውን ይዘውልኝ ይመጣሉ። ጎበዞች ናቸው። ግን ሲቪው አንድ ነገር ይላል፣ ትራንስክሪፕቱ ሌላ። የሚያነበው ሰው ደግሞ ከወረቀቱ በቀር ስለ እናንተ የሚያውቀው ነገር የለም።

ዋናው ጣጣ የዘመን አቆጣጠር ነው። ሲቪው «በ2014 ተመረቅሁ» ይላል፤ ትራንስክሪፕቱ ላይ ያለው 2022 ነው። እኛ ይገባናል። ጀርመን አገር ያለ መርማሪ ከየት ይወቀው? ፓስፖርታችሁ በ2000 ተወለዱ ካለ፣ በ14 ዓመታችሁ የተመረቃችሁ ይመስለዋል። ዝም ብሎ 8 መደመርም አይሠራም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ የሚደመረው 7 ነው። ጥቅምት 5 ቀን 1995 ማለት ኦክቶበር 15 ቀን 2002 ነው፤ መጋቢት 5 ቀን 1995 ግን ማርች 14 ቀን 2003። ቀኑም ወሩም ይቀየራል! አንዷ የልደት ቀኗን ስትሞላ ዓመቱን ብቻ ቀይራ 5/2ን (ጥቅምት 5ን) እንዳለ ትታው መጣች። ቅጹ ላይ የፌብሩዋሪ ልጅ፣ ፓስፖርቷ ላይ የኦክቶበር። ማመልከቻው ሊዘጋ ምንም አልቀረውም ነበር። እባካችሁ፣ ፓስፖርት ካላችሁ ራሳችሁ አታስሉ፤ እሱ ላይ ያለውን ቅዱ።

ስምም እንዲሁ ነው። ቃልኪዳን በኬ ይጻፋል ወይስ በኪው? ፓስፖርቱ እንዳለው። የቤተሰብ ስም ሲጠየቅ አንዱ ቅጽ ላይ የአባት፣ ሌላው ላይ የአያት አትሙሉ። ሪኮመንዴሽን ለሚጽፉላችሁ መምህርም ስማችሁን በትክክል ጽፋችሁ ስጧቸው። ዲግሪው ላይ ያለው ፊደል ከተለየ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከማስላካችሁ በፊት ሬጅስትራር ሂዱ።

አማካይ ውጤታችሁ (GPA) 3.46 ከሆነ 3.5 አታድርጉት።

ሲቪ ላይ «ፖሊ» አይጻፍ። ፖሊና ፔዳ ተዋሕደው ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሆኑት በ1992 ዓ.ም. ነው፤ የትምህርት ማስረጃችሁ ላይ ያለውን ስም ተጠቀሙ።

በጣም የሚያሳዝነኝ ግን ሥራው እያለ ማስረጃው ሲጠፋ ነው። አንድ ልጅ ለመመረቂያ ጥናቱ ፎገራ ዳርቻ ወርዶ የጣናን እምቦጭ ሲለካ ከርሟል። የሞቲቬሽን ደብዳቤው ሙሉ ስለዚያ ነው፤ ልብ ይነካል። ሲቪው ላይ ግን «የመስክ ሥራ» ብሎ አልፎታል። መምህሩ ደግሞ በሪኮመንዴሽኑ ስለ መስኖ ኮርስ ውጤቱ ብቻ ጽፈዋል። እምቦጩን የሚያውቀው ደብዳቤው ብቻ ሆነ። መምህሮቻችሁ ብዙ ተማሪ ነው ያላቸው። ሲቪያችሁን፣ የደብዳቤውን ረቂቅና የጥናታችሁን ርዕስ ቢያንስ ሦስት ሳምንት ቀድማችሁ ላኩላቸው፤ የጥናቱ ርዕስም በሲቪው፣ በደብዳቤውና በሪኮመንዴሽኑ ላይ ቃል በቃል አንድ ይሁን።