ያገለገለ የባለአራት ጎማ ሞተር ሾክ ግዢና እድሳት

ሾክ (መንገጫገጭን የሚያለዝበው ክፍል) ሲገዙ መጀመሪያ ርዝመቱን ከላይኛው የቡሎን ቀዳዳ መሃል እስከ ታችኛው መሃል ይለኩ። ለተራዘመ የጎማ ክንድ የተሠራ ሾክ በፋብሪካው ክንድ ላይ ቢገባ እንኳ በትክክል አይሠራም።

የሾኩን ዘንግ በጥፍር ይዳብሱ። ጥፍር የሚይዝ ጭረት ወይም ዝገት ካለው ዘይት እንዳይፈስ የሚያግደውን ጎሚኒ አዲስ ቢሆንም ቶሎ ይበላዋል፤ ዘንጉ መቀየር ወይም እንደገና በክሮም መለበጥ ስላለበት ዋጋውን በዚያው ልክ ያስቀንሱ። ዘንጉ ንጹህ ከሆነ ግን ዘይት ማፍሰሱ ብዙም አያስፈራም፤ ጎሚኒ ርካሽ ነው።

ሞላው ለቀድሞው ባለቤት ክብደት ተመርጦ ሊሆን ይችላል። ሞላውን የሚጫነውን ቀለበት ማጥበቅ ሞተሩን ከፍ ያደርጋል እንጂ ሞላውን አያጠነክረውም።

ለእድሳት ሞላውን ያውጡ፤ ከዚያ መነጽር አድርገው በሾኩ ውስጥ የታመቀውን የናይትሮጅን ጋዝ ሙሉ በሙሉ ያስተንፍሱ። ግፊት እያለ የተፈታ ክዳን እንደ ጥይት ይወረወራል። የፒስተኑን ስስ ቀለበቶች በሽቦ ላይ በተራቸው ይሰኩ፤ ቅደም ተከተላቸው ከተዛባ የሾኩ ጠባይ ይለወጣል። ጎሚኒዎቹን ቀይረው ፋብሪካው ያዘዘውን የሾክ ዘይት ይሙሉ፤ የሞተር ዘይት አይተካውም።

ትዕግሥት የሚፈልገው አየር ማስወጣቱ ነው። አረፋው እስኪጠፋ ፒስተኑን በዝግታ ከፍ ዝቅ ያድርጉ፤ አየር ውስጥ ከቀረ ሾኩ በእንቅስቃሴው መጀመሪያ ላይ ምንም ሳይቋቋም ባዶ ይሆናል። በመጨረሻ ናይትሮጅን በተጻፈው ግፊት ይሙሉ፤ ብዙዎቹ ከ150 እስከ 200 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ይወስዳሉ። የጎማ መንፊያ አየር እርጥበት ስላለው አይሆንም።

ሾኩ ተገጥሞ ነጂው ሞተሩ ላይ ሲቀመጥ ከጠቅላላ እንቅስቃሴው 30 በመቶ ገደማ መስመጥ አለበት።