የብየዳ ሲኦሲ ስንት ብር ያወጣል? ከመመዝገብህ በፊት እንዲህ አስላው

"ጋሼ፣ ሲኦሲ ብወስድ ገቢዬ ይጨምራል?" ይህችን ጥያቄ ወርክሾፔ ውስጥ በየጊዜው እሰማታለሁ (ሲኦሲ ማለት ተመዝነህ የምታገኘው የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ወረቀት ነው)። እኔም በጥያቄ ነው የምመልሳት፦ ወረቀቱን የሚጠይቅህ ማነው? ጠያቂ ካለ ዋጋ አለው። ከሌለ ፍሬም አሠርተህ ግድግዳ ላይ ስቀለው።

ቃሊቲ አካባቢ ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለችኝ። በርና መስኮት፣ የግቢ በር፣ የደረጃ መደገፊያ እንሠራለን። እኔ ጋ ሊቀጠር የሚመጣ ልጅ ወረቀት አይጠየቅም። 40 በ40 የሆነ ስስ ቱቦላሬ (ባለ አራት ማዕዘን የብረት ቱቦ) ሁለት ቁራጭ እሰጠውና "በ45 ቆርጠህ፣ በስኳድራ አስተካክለህ በይድልኝ" እለዋለሁ (ስኳድራ የማዕዘን መለኪያው ነው)። አምፒር (የማሽኑን የኤሌክትሪክ ፍሰት) ያበዛ ብረቱን ይበሳዋል። የፈራ ደግሞ ላይ ላዩን ያንጠባጥበውና መዶሻ ሲያርፍበት ይላቀቃል። እጅ ያለው ልጅ መጀመሪያ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ያስይዛል፤ ስኳድራውን መልሶ ይለካል፤ ከዚያ ነው የሚዘጋው። ብረት ሲሞቅ እንደሚጎትት ያውቃላ! የቀን ሒሳቡን የምቆርጠው ያንን ማዕዘን አይቼ ነው። (እስካሁን ካሠራኋቸው በያጆች አንደኛዋ ሴት ናት። አንተ እያልኩ ብጽፍም ለእናንተም ነው እህቶቼ።)

ስለዚህ እንደኔ ባለ ሠፈር ቤት ሲኦሲ በራሱ አምስት ሳንቲም አይጨምርም። ሌላ ቦታ ግን ይጨምራል። ብዙ ፋብሪካና የመንግሥት መሥሪያ ቤት ያለሱ በር አይከፍቱም። የራስህን ቤት ስትከፍት፣ ጨረታ ስትገባና ውጭ አገር ስታስብም ይጠየቃል።

መጀመሪያ የምታደርገው ማስታወቂያ ማንበብ ነው። አዲስ ዘመንና ሪፖርተር ላይ የሚወጡትን፣ የቴሌግራም የሥራ ቻናሎችንም እያቸው። በብየዳ፣ በብረታ ብረት ሥራ፣ በማሽኒንግ የወጡትን ደብተርህ ላይ ጻፍ። ምን ደረጃ ይላሉ? ስንት ዓመት ልምድ? ደሞዙ ተጽፏል ወይስ "በስምምነት" ነው? ደረጃዎቹ ከ1 እስከ 5 ናቸው። ማስታወቂያው ሁሉ ደረጃ 3 እያለ አንተ በደረጃ 1 ልትቆም ካሰብክ ገንዘብህን ያዝ፤ ወይ እስከ 3 ለመሄድ ቁረጥ። "በስምምነት" የሚሉት ጋ ደውልና ለደረጃህ መነሻው ስንት እንደሆነ ጠይቅ። አንዳንዱ ይነግርሃል፣ አንዳንዱ ይዘጋብሃል። ምንም አይደለም።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ቁጥሮቹ ለምሳሌ ናቸው፤ አንተ የራስህን አስገባ።

መጀመሪያ ወጪው። ሰው የምዘናውን ክፍያ ብቻ ያስባል። ትልቁ ወጪ ግን ያልሠራህባቸው ቀናት ናቸው። ቀን 800 ብር የምታገኝ ከሆነና ለምዝገባ፣ ለልምምድና ለምዘና 6 ቀን ከቀረህ 4,800 ብር ሄደ። መለማመጃ ላሜራና ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) 2,500 እንበል። ክፍያና ትራንስፖርት 1,500። ድምሩ 8,800 ብር።

ቀጥሎ ገቢው። እዚህ ላይ በወር አታስላ፣ በዓመት አስላ። ቀን ሠራተኛ ሆነህ በበጋው ዘጠኝ ወር በወር 20 ቀን ብትሠራ 144,000 ብር ነው። ክረምት ላይ ግንባታው ይቀዘቅዛል፤ ሦስቱን ወር 10፣ 10 ቀን ብታገኝ 24,000። በዓመት 168,000 ብር መጣ። አሁን ሲኦሲህን ይዘህ ፋብሪካ በ17,000 ብር ተቀጠርክ እንበል። ግብርና 7 በመቶ የጡረታ መዋጮ ተቆርጦ 12,000 አካባቢ እጅህ ይገባል። በዓመት 144,000። እጅህ የገባው በ24,000 ብር አነሰ ማለት ነው!

ብዙ ልጅ እዚህ ጋ ደርሶ ደብተሩን ይዘጋል። ቆይ። አሠሪው በአንተ ስም በየወሩ 11 በመቶ ለጡረታ ይከፍላል። ከ17,000 ላይ 1,870 ብር፣ በዓመት 22,440። ልዩነቱን ሊሸፍነው ትንሽ ነው የቀረው። ግን ይህ የኪስ ገንዘብ አይደለም፤ ዘላቂ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት አገልግሎት ይፈልጋል። ሁለት ዓመት ሠርተህ ለመውጣት ካሰብክ ይህን መስመር ሰርዘው።

የትርፍ ሰዓትም አለ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ማታ እስከ 4 ሰዓት የሠራኸው በአንድ ተኩል ይባዛል። ከማታ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍትህ ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ጥገና ክፍል የገባ በያጅ ፋብሪካው የሚቆመው ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ ይህችን ያገኛታል። ቃለ መጠይቅ ላይ "በወር ስንት ሰዓት ትርፍ አለ?" ብለህ ጠይቅ፤ ነውር የለውም። የዓመት ፈቃድ በመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀን ነው፤ ያ ደግሞ የተከፈለበት ዕረፍት ነው። ግራይንደር ዲስክ ተሰብሮ እጅህን ቢመታህ፣ ፋብሪካው በሕግ ያሳክምሃል። ሠፈር ውስጥ ግን ሕጉ ቢኖርም ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ደግነት ነው የምትታከመው። እኔም ራሴ ባለቤት ነኝ፤ እውነቱን ነው የምነግርህ።

ሒሳቡን ስትጨርስ ፋብሪካው ካላዋጣህ አይግረምህ። ጎበዝ በያጅ ኮንትራት እየያዘ ከሆነ አንዳንዴ አያዋጣውም። ለሱ ወረቀቱ የሚጠቅመው በሌላ በኩል ነው፤ ፈቃድ ሲያወጣ፣ ተደራጅቶ ጨረታ ሲገባ፣ የባለሙያ ዝርዝር ሲጠየቅ። እዚያ አንድ የያዝከው ሥራ የ8,800 ብሩን ወጪ በአንድ ጊዜ ሊመልስ ይችላል።

ለመውሰድ ከወሰንክ፣ ኮሌጅ ሳትገባ በልምድ የተማርክ ብትሆንም መመዘን ትችላለህ። ወደ ምዘና ማዕከሉ ሂድና የሙያ ደረጃውን ሰነድ ጠይቅ፤ ምን ምን እንደሚመዘን እዚያ ተጽፏል። የጽሑፍና የተግባር ምዘና አለው። የድሮ ሰዎች ተግባሩን ተማምነው ጽሑፉ ላይ ይወድቃሉ፣ ወይም ያለ ጓንት ማሽኑን ነክተው ነጥብ ያጣሉ። ንድፍ ማንበብ ተለማመድ። በአሜሪካኖቹ አሳሳል፣ ከመስመሩ በታች የተሳለች ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቀስቱ በጠቆመው በኩል በይድ ማለት ናት፤ ከመስመሩ በላይ ከሆነች በወዲያኛው በኩል። በልጅነቱ ብረት የያዘ ሰው ይህችን ሳያውቅ ሃያ ዓመት ሊሠራ ይችላል።

ኤሌክትሮዱንም ለይ። እኛ ሠፈር በር የሚሠራው በ6013 ነው፤ ቶሎ ይነሳል፣ አያስቸግርም። ትልልቅ ስትራክቸር ላይ ግን 7018 ይጠበቃል። ዕድሜውን በ6013 የኖረ ልጅ 7018 ሲይዝ ይጣበቅበታል። አርኩን (በዘንጉ ጫፍና በብረቱ መካከል ያለውን እሳት) አሳጥረህ መያዝ አለብህ። ኤሌክትሮዱም እርጥበት ይስባል፤ ፓኮው ተከፍቶ ክረምት ላይ መደርደሪያ ላይ ከከረመ አትመነው። የመለማመጃ ገንዘብህን እዚህ ላይ አውለው።

ወረቀቱን ከያዝክ በኋላ አለቃህ ጋ ሄደህ "ሲኦሲ አለኝና ጨምርልኝ" አትበል። ጨረታ ሊገባ ሲል ጠብቅ። ሰነዱ ላይ የተመዘነ ባለሙያ ከተጠየቀ ያንተ ወረቀት ለእሱም ገንዘብ ነው፤ ጭማሪውን ያኔ አንሳ፣ በጽሑፍም አድርገው። አንተ ለማትሠራበት ድርጅት ስምህን ማከራየት ግን አይሞከርም። በወር ጥቂት ሺህ ብር ይሰጡሃል፤ የተበየደው ስትራክቸር ሲወድቅ ፖሊስ የሚፈልገው ስሙ የተጻፈውን ሰው ነው። ሠርተፊኬት እንሸጥልህ የሚሉህም አሉ። ቀጣሪው ከምዘና ማዕከሉ ያጣራል፤ ሥራውንም ስምህንም ታጣለህ።

ዱባይ ወይም ኳታር የምታስብ ከሆነ ሲኦሲው በር ያስገባህ ይሆናል፤ ደሞዝህን የሚወስነው ግን እዚያው የሚሰጥህ የብየዳ ፈተና ነው። 6ጂ የሚሉት አለ። ቧንቧው 45 ዲግሪ ያዘነብላል፣ አይዞርልህም፤ አንተ ነህ ዙሪያውን የምትዞረው። ከዚያ ቆርጠው ያጥፉታል ወይም ራጅ ያነሱታል። ይህን የሚያልፍና የሚወድቅ በያጅ አንድ ደሞዝ አይበሉም። ለዓለም አቀፍ ሠርተፊኬት ብዙ ብር አውጣ የሚልህ ካለ ግን ቀጣሪህ ማን እንደሆነ ቀድመህ እወቅ። በአስሜ (የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማህበር) ሕግ፣ በተፈተንክበት የብየዳ ዓይነት ስድስት ወር ካልሠራህ ብቃትህ ይቃጠላል። ሥራ ሳይኖር ቀድሞ የተገዛ ወረቀት ቪዛ እስኪመጣ ሊያልፍበት ይችላል።

ስለዚህ መሥራትህን የምታስረዳበት ደብተር ዛሬውኑ ግዛ። የሠራህበትን ቀን፣ የብየዳውን ዓይነት፣ የኤሌክትሮዱን ቁጥር፣ የብረቱን ውፍረት፣ ቆመህ ይሁን ወደ ላይ አንጋጠህ የበየድከው ጻፍ። በየወሩ መጨረሻ አሠሪህን አስፈርመው፣ ማህተም ካለውም ያስቀምጥበት። የኔ ልጆች ዓርብ ዓርብ ሒሳብ ሲቀበሉ ነው የሚያስፈርሙኝ።