ቫዮሊኑ አልታዘዝ ሲል፦ ባሕር ዳር ቤታቸው ለሚለማመዱ ጀማሪዎች

ጀማሪ የቫዮሊኑ ድምፅ ሲበላሽበት ቶሎ የሚያማው የራሱን እጅ ነው። እጅን ከመውቀስ በፊት ግን ዕቃውን መፈተሽ ይሻላል።

ቀስቱ ይሄዳል፣ ድምፅ የለም

የአዲስ ቀስት ጭራ ልሙጥ ነው፤ ሮዚን (የደረቀ የዛፍ ሙጫ) ካልተቀባ ክሩን ሳይዝ ያልፋል። አዝማሪ ማሲንቆው ላይ ዕጣን የሚያሸውም ለዚሁ ነው። ችግሩ አዲስ ሮዚንም ፊቱ ልሙጥ መሆኑ ነው፤ ቢያሹት ቢያሹት አይለቅም። ላዩን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ጫር ጫር አድርጉት። ነጭ ዱቄት ሲያወጣ ቀስቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ መላልሳችሁ እሹበት። ጭራውን በጣት አትንኩ፤ የእጅ ወዝ ያበላሸዋል።

ይንጫረራል

ሮዚኑ በቂ ከሆነ ጥፋቱ የቀስቱ መንገድ ነው። መስታወት ፊት ቁሙ። ቀስቱ በብርኩማውና (ክሮቹን ከፍ አድርጎ በሚሸከመው እንጨት) በጣት ሰሌዳው ጫፍ መካከል፣ ከብርኩማው ጋር ትይዩ ሆኖ መሄድ አለበት። ወደ ብርኩማው ተጠግቶ ቀስ ሲል ይጮሃል፤ ወደ ሰሌዳው ሲሸሽ ያፏጫል። ሁለት ክር አንድ ላይ ከነካ የክንዳችሁን ከፍታ አስተካክሉ። የጭራው መወጠርም ልክ አለው፦ መሃል ላይ በጭራውና በእንጨቱ መካከል እርሳስ ቢያልፍ በቂ ነው። ስትጨርሱ አላሉት።

ቅኝቱ አይቆይም

እዚህ ከተማ ሰው ከሁሉ በላይ የሚማረረው በዚህ ሳይሆን አይቀርም። ላ የተባለውን ክር 440 ኸርዝ ላይ አስተካክላችሁ ሻይ ጠጥታችሁ ስትመለሱ መቃኛው (ክሩ የሚጠመጠምበት እንጨት) ተፈቶ፣ ክሩ ረግቦ ይጠብቃችኋል። ክሩ አርጅቶ አይደለም፤ እንጨቱ ነው። በበጋ፣ በተለይ መጋቢትና ሚያዝያ ላይ፣ አየሩ ሲደርቅ መቃኛው ይኮማተርና ቀዳዳው ውስጥ ይላላል። ክረምት ሲገባ ደግሞ ያብጥና ንቅንቅ አልል ይላል።

ለሚፈታው መቃኛ ጠመኔ ቀቡት፤ ስትቃኙም እያዞራችሁ ወደ ውስጥ ግፉት። ዝም ብሎ ማዞር ብቻውን ዋጋ የለውም። ለሚጣበቀው ደረቅ ሳሙና ይበቃል፤ ዘይት ግን በፍጹም። ጥቃቅኑን ልዩነት ከታች ባሉት ትንንሽ ብሎኖች ጨርሱ።

ክሮቹን ሁሉ በአንዴ አትፍቱ። ሆዱ ውስጥ ሙጫ ሳይነካት በክሮቹ ግፊት ብቻ የቆመች ቀጭን እንጨት አለች። ከወደቀች ባለሙያ ነው የሚያቆማት፤ እስከዚያ ክሮቹን አላልታችሁ ተዉት። ቫዮሊኑን ፀሐይ ላይ በቆመ ባጃጅ ውስጥም አትተዉት፤ ሙቀት እንጨቶቹ የተጣበቁበትን ሙጫ ያለሰልሰዋል።

በቃኛችሁ ቁጥር ብርኩማውን እዩት። ክሩ ሲወጠር ወደ ጣት ሰሌዳው ይጎትተዋል። ካዘነበለ በሁለት እጅ ይዛችሁ በቀስታ ቀና አድርጉት።

ጣቴ ቦታውን አያገኝም

ቱነር አፕ (የስልክ መቃኛ) ላይ ከማፍጠጥ ጆሮን ማመን ይሻላል። ሬ ክር ላይ ሦስተኛ ጣታችሁን አድርጋችሁ ምቱ። ቦታው ትክክል ከሆነ ማንም ያልነካው ወፍራሙ ሶል ክር በራሱ ይንቀጠቀጣል፤ ጠጋ ብላችሁ ብታዩት በዓይን ይታያል። በጥቂቱ እንኳ ከሳታችሁ ፀጥ ይላል። ላ ክር ላይ ያው ጣት ሬን ያስነሳል።

ለልምምድ ከባዕድ መልመጃ ይልቅ ትዝታን እመርጣለሁ፤ ጆሯችን ያደገበት ስለሆነ ስህተቱ ወዲያው ይታወቃል። በነፃው ሬ (ጣት ሳታሳርፉበት) ጀምሩ፤ አንደኛ ጣት፣ ከዚያ ለሦስተኛው ጠጋ ያለ ሁለተኛ ጣት፣ ቀጥሎ ነፃው ላ፣ በላ ላይ አንደኛ፣ በመጨረሻም ሦስተኛ። አንቺሆዬ ግን ይቆያችሁ፤ የጣቶቹ ርቀት ለጀማሪ ይከብዳል።

ጎረቤት ተማረረ

ብርኩማው አናት ላይ፣ በክሮቹ መካከል፣ የእንጨት የልብስ መቆንጠጫ አድርጉ። ድምፁን ጥሩ አድርጎ ይቀንሰዋል። ስታስገቡት ብርኩማውን እንዳይገፋው በሌላው እጃችሁ ደግፉት።