የቪቪቲ-አይ ሞተር በመካከለኛ ዙር የተሻለ ጉልበት እንዲሰጥ ማስተካከል

በያሪስና በአንዳንድ ኮሮላዎች ላይ የሚገኘው የቶዮታ 1.5 ሊትር 1ኤንዜድ-ኤፍኢ ሞተር በቪቪቲ-አይ (ቫልቮች የሚከፈቱበትንና የሚዘጉበትን ጊዜ በሚለዋውጠው ሥርዓት) የቫልቭ ጊዜውን የሚያስተካክለው በኢንቴክ ካምሻፍቱ፣ ማለትም የአየር ማስገቢያ ቫልቮችን በሚከፍተው ዘንግ በኩል ብቻ ነው። በካምሻፍቱ ጫፍ ያለው ጊር በዘይት ግፊት እየተገፋ ካምሻፍቱን በክራንክሻፍት (ፒስተኖቹ በሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ሲለካ እስከ 40 ዲግሪ ገደማ ያስቀድመዋል። ካምሻፍቱ ሲቀድም የኢንቴክ ቫልቩ ቀድሞ ይከፈታል፣ ቀድሞም ይዘጋል። ከ2,000 እስከ 4,500 ባለው ዙር ጉልበት የሚገኘው በአብዛኛው ከመዘጋቱ ነው፤ ፒስተኑ ወደ ላይ መመለስ ከጀመረ በኋላ ቫልቩ ክፍት ሆኖ ከቆየ ሲሊንደሩ ከሳበው አየር ከፊሉ ወደ ማኒፎልድ (አየር ወደ ሲሊንደሮች ወደሚያደርሰው ቱቦ) ይመለሳል። በከፍተኛ ዙር ግን አየሩ በራሱ ፍጥነት እየተገፋ መግባቱን ስለሚቀጥል ዘግይቶ መዝጋት ይጠቅማል።

የሞተሩን ኮምፒውተር ማፕ (በየዙሩና በየጭነቱ ምን እንደሚታዘዝ የሚወስነውን የቁጥር ሠንጠረዥ) ከመንካት በፊት ጊሩ የታዘዘውን በትክክል መፈጸሙን ማረጋገጥ ይገባል። በእኔ ግምት መሀል ላይ ጉልበት አጣ ተብሎ ጋራዥ ከሚገባው መኪና ብዙው የሚያስፈልገው አዲስ ማፕ ሳይሆን ንጹሕ ዘይት ነው። ወደ ጊሩ የሚሄደውን ዘይት የሚቆጣጠረው ቫልቭ ከፊቱ የጣት ጫፍ የምታህል የወንፊት ማጣሪያ አለችው፤ ዘይት ሳይቀየር ሲቆይ ዝቃጭ ይይዛትና ጊሩ እየዘገየ ይንቀሳቀሳል፣ ይህ ግን ሁልጊዜ የሞተር መብራት አያበራም። ማጣሪያዋ ወጥታ ትታጠብ፤ የመቆጣጠሪያው ቫልቭ ሬዚስታንስም ይለካ፣ በ20 ዲግሪ ሴልሺየስ ከ6.9 እስከ 7.9 ኦም መሆን አለበት። ሞተሩ ሞቆ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) እየሠራ ሳለ የቫልቩ ሶኬት ተነቅሎ ለአፍታ ቀጥታ የባትሪ ኃይል ቢሰጠው ሞተሩ መንቀጥቀጥ ወይም መጥፋት ይኖርበታል። ምንም ለውጥ ካላሳየ ችግሩ ከቫልቩ፣ ከዘይት መንገዱ ወይም ከጊሩ ነው። በመመርመሪያ ማሽን ላይ ፒ0011 ወይም ፒ0012 የሚሉ ኮዶች (ካምሻፍቱ ከታዘዘው በላይ መቅደሙን ወይም መዘግየቱን የሚያመለክቱ) ካሉ ቀድመው ይፈቱ፤ የካምሻፍቱና የክራንክሻፍቱ አለመናበብ ምልክት የሆነው ፒ0016 ከታየ ደግሞ ካቴናው ተስቦ ሊሆን ስለሚችል በዚያ ሁኔታ ማፕ መሥራት ድካም ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ከተስተካከለ በኋላ ዋናው ሥራ በዳይኖ (የመኪናውን ጉልበት በሚለካ ማሽን) ላይ ይከናወናል። ሬሾው ወደ አንድ ለአንድ በቀረበ ማርሽ የካምሻፍቱ አንግል 0 ላይ እንዲቆይ ታዝዞ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ተረግጦ ከ2,000 እስከ 6,000 ዙር ይለካል። ቀጥሎ በ10፣ በ20፣ በ30 እና በ35 ዲግሪ ተመሳሳይ ልኬት ይወሰዳል፤ ጊሩ ጠርዙ ላይ እየተጋጨ እንዳይቀመጥ 40 ድረስ ባይታዘዝ ይመረጣል። የዘይቱ ሙቀት በየልኬቱ ተቀራራቢ ካልሆነ ንጽጽሩ ዋጋ የለውም። አምስቱ የቶርክ (የማዞር ጉልበት) መስመሮች በአንድ ገጽ ላይ ሲደራረቡ በየትኛው ዙር የትኛው አንግል እንደሚበልጥ በግልጽ ይታያል፤ ከየዙሩ ከፍተኛውን የሰጠው አንግል ተመርጦ ወደ ማፑ ይገባል፣ በመካከላቸው ያለው ዝላይም ይለሰልሳል። በሚኒሞ አካባቢ ያለው የፋብሪካው ቁጥር አይነካ፤ እዚያ ካምሻፍቱ ቢቀድም የተቃጠለው ጋዝ ወደ ኢንቴክ እየተመለሰ ሞተሩን ያንቀጠቅጠዋል።

አንግሉ ሲቀየር በሲሊንደሩ ውስጥ የሚታመቀው አየር መጠንም ስለሚቀየር የካንዴላው እሳት ጊዜ እንደገና መስተካከል አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ካምሻፍቱ በቀደመበት ቦታ እሳቱን ጥቂት ማዘግየት ያስፈልጋል። ኮምፒውተሩ አየሩን በሴንሰር በቀጥታ የሚለካ ሳይሆን ከማኒፎልድ ግፊት የሚገምት ከሆነ የነዳጁ ማፕም ከሥር ይከለሳል። ቴስታታው (ቫልቮቹን የያዘው የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ቀድሞ በማሽን ተልጎ የሳሳ፣ ወይም የፋብሪካው ካምሻፍት በሌላ የተተካ ከሆነ በቫልቭና በፒስተን መካከል ያለው ክፍተት ሳይለካ ይህ ሥራ መጀመር የለበትም።

አዲስ አበባ ላይ ለሚሠራ ባለሙያ አንድ ተጨማሪ ጉዳይ አለ። በ2,300 ሜትርና ከዚያ በላይ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ጠለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ነዳጅ እስከ መጨረሻው ቢረገጥም ሞተሩ የማፑን ከፍተኛ የጭነት ረድፎች አይደርስባቸውም፤ የሚሠራው ባሕር ዳርቻ ላይ ላለ መኪና የግማሽ ርግጫ በሆኑት ረድፎች ነው። ስለዚህ ዱባይ ላይ የተሠራ ማፕ እንዳለ ቢጫን በሚፈለገው ቦታ ላይ እምብዛም ለውጥ ላያመጣ ይችላል። በተቃራኒው እዚህ የተለካው አንግልና የእሳት ጊዜ በግምት ወደ ላይኞቹ ረድፎች ቢዘረጋ፣ መኪናው ወደ ድሬዳዋ ወይም ወደ ጅቡቲ ሲወርድ ባልተፈተነ ቦታ ላይ መሥራት ይጀምርና ዳገት ላይ ሞተሩ ሊያንኳኳ ይችላል። ያልተለኩት ረድፎች በፋብሪካው ቁጥር ይቆዩ፤ በመጀመሪያው የቆላ ጉዞም መመርመሪያ ማሽኑ ተሰክቶ ማንኳኳቱን የሚለየው የኖክ ሴንሰር እሳቱን ምን ያህል እንደሚያዘገይ ይመዝገብ።